ዓይን እያንቀሳቀሱ የሚሰጠው ሕክምና፦ እህቴን ልውሰዳት ወይ?

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሸዋ በር አካባቢ። ጥያቄዬ ስለ ታናሽ እህቴ ነው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እሷ ከተማው ውስጥ ነበረች። እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ከወር በላይ ድምጿን ሳልሰማ ቆየሁ። ያኔ ምን እንዳየችና ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። ሰውነቷ ግን መደበቅ አልቻለም። የጎረቤት የቆርቆሮ በር ጓ ካለ በርግጋ ትነሳለች፣ የያዘችው ሁሉ ከእጇ ይወድቃል። ሌሊት ትባንናለች። ቡና ስታፈላ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትቀመጠው። ድሮ ሰኞ ገበያ ውላ፣ ሰው ሁሉ ስቆላት የምትመለስ ልጅ ነበረች። አሁን ገበያ ከሄደች ስድስት ወር አልፏታል።

ሁለት ቦታ አሳይቻታለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። አንዱ ጋ የጨጓራ መድኃኒት ጻፉላት። ሌላው ጋ ምንም የለብሽም፣ አታስቢ አሏት። በሽታዋ ሳትፈልግ ማሰቧ ሆኖ ሳለ አታስቢ ማለት ምን ይረዳታል?

አሁን አዲስ አበባ ያለች የአክስታችን ልጅ ሕክምናውን የሚሰጥ ሰው አግኝታለች። ኢኤምዲአር ይባላል። ታካሚው የደረሰበትን እያሰበ፣ ከፊቱ ግራና ቀኝ የሚመላለሰውን ጣት በዓይኑ ይከተላል። መጀመሪያ ስሰማ ጥንቆላ መሰለኝ። የሳበኝ አንድ ነገር ነው፤ ታካሚው የሆነውን ዘርዝሮ እንዲያወራ አይገደድም ተባልኩ። ለእህቴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምታውቁ ንገሩኝ፤ እውነተኛ ሕክምና ነው ወይስ ሰሞነኛ ወሬ?

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ 26 መልስ መጣ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜም ዳታም የሌላችሁ ስላላችሁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የጥናቶቹ ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

መልስ 1። ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት። በጣም በትሕትና ነው የጀመረችው፣ ወንድምዓለም ብላ። ሕክምናው እውነተኛ እንደሆነና ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት እንደጀመረችው ጻፈች። ሻፒሮ በ1987 መናፈሻ ውስጥ ስትንሸራሸር አንድ የሚያስጨንቃት ሐሳብ ይመጣባትና፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል ሐሳቡ እየቀለላት መሄዱን ታስተውላለች። በ1989 በ22 ሰዎች ላይ የሞከረችውን አሳተመች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣው ጭንቀት ከሚመከሩት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል፤ ሌላው በዚያ ክስተት ላይ የሚያተኩረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ዘርዝሮ ማውራት አያስፈልግም መባሉም ልክ እንደሆነ፣ የቤት ሥራም እንደማይሰጥ አረጋገጠችልኝ። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች። አለማውራት አለማስታወስ ማለት አይደለም። እህቴ ያንን ነገር በዓይነ ሕሊናዋ ማምጣት ይኖርባታል፣ እሱም ያማል።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ደጋግሜ አነበብኳት።

መልስ 2። አንዲት እናት ናቸው። አላህ ያሽርልህ፣ ዱአ አደርጋለሁ ብለው ሄዱ። አሚን።

መልስ 3። ይህን የጻፈችው ከቆቦ የተፈናቀለች ሴት ናት። ረጅም ነው፤ ነጥብ እንኳ ሳታደርግ በአንድ ትንፋሽ የጻፈችው ይመስላል። በ2013 ክረምት ቆቦን ለቃ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ገባች። ደሴ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ጥግ በተገፉበት ክፍል፣ ከብዙ ቤተሰብ ጋር መሬት ላይ ከረመች። ደሴም ሲያዝ እንደገና በእግሯ ወጣች፤ ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ ሁለት ልጆች ይዛ። ያማረራት ግን የመንገዱ ድካም ብቻ አልነበረም። በየመጠለያው ቅጽ ይዞ የመጣው ሁሉ ምን ደረሰብሽ እያለ ይጠይቃታል። ስድስት ጊዜ አወራች። ስድስት ጊዜ ተጻፈ። አንዱም ተመልሶ እንዴት ነሽ አላላትም። ከስድስተኛው በኋላ ታሪኩ የእሷ መሆኑ ቀረ፤ ለሰው የሚነበብ ወረቀት ሆነ። ስለዚህ እህቴን እንዳልጠይቃት፣ ማውራት የማያስፈልገው ሕክምና ካለ ሳላመነታ እንድወስዳት ለመነችኝ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ክሩ (ውይይቱ) ጋለ። አንድ ሰው፣ አነጋገሩ የመምህር ይመስላል፣ ሁላችንንም ተቆጣን። የፈረንጅ ነገር ሲሆን ሳታጣሩ ትቀበላላችሁ አለ። በ2001 ዴቪድሰንና ፓርከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 34 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሕክምናው ከዓይን እንቅስቃሴው ጋር ሲሰጥና ያለ እሱ ሲሰጥ ልዩነት አላገኙም። ሰውን የሚያሽለው የፈራውን ነገር በሰላም ቦታ ተቀምጦ ደፍሮ ማሰቡ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሻፒሮ በፊትም ይታወቅ ነበር። ጣቱ ጌጥ ነው፣ ጌጡ ነው የሚሸጠው አለ። በስተመጨረሻ ለእህቴ መዳን ተመኘ፣ አነጋገሩ ግን እሾህ ነበረው።

መልስ 5። ሳይኮሎጂ የሚማር ልጅ ለ4ኛው መልስ ሰጠ። መጀመሪያ አከበረው፣ ጋሼ ብሎ። ከዚያ አረመው። የ2001ዱ ጥናት የመጨረሻው ቃል አይደለም። በ2013 ሊ እና ካይፐርስ 26 ጥናቶችን መርምረው የዓይን እንቅስቃሴው የራሱ የሆነ ጥቅም እንደሚጨምር አግኝተዋል። ከዚያ በራሱ ላይም ፈረደ። ይኸው ካይፐርስ በ2020 ከሌሎች ጋር ሆኖ በሠራው ሰፊ ግምገማ፣ ሕክምናው ጠቃሚ ሆኖ ቢታይም አብዛኞቹ ጥናቶች በአሠራራቸው ለአድልዎ የተጋለጡ እንደሆኑ ጽፏል። ይህን መደበቅ አልፈልግም ማለቱ ልጁን አስወደደኝ።

ለምን ይሠራል ለሚለው የሰጠው ማብራሪያ ደግሞ ለእኔ ቢጤው የሚገባ ነው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሰውየው ያንን ክፉ ምስል ይዞ ሳለ ዓይኑ የሚሮጥ ጣት እንዲከተል ሲደረግ፣ ለምስሉ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ተመልሶ ሲቀመጥም እንደደበዘዘ ይቀመጣል። ለዚህ ማስረጃው፣ ትኩረት የሚወስድ ሌላ ሥራም ተመሳሳይ ውጤት ማሳየቱ ነው፤ ለምሳሌ ከባድ ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር። እንዲህ ከሆነ የ4ኛው ግማሽ እውነት አለው፤ ዓይኑ ብቻውን ተአምር የለውም። ግን ጌጥም አይደለም፣ ሥራ አለው።

መልስ 6። ከተንታ የጻፉ አባት ናቸው። ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። በ77 ድርቅ ከቤተሰባቸው ጋር ኮረም ወርደው ነበር፤ ያኔ ኮረም የወሎ ነበር። እናታቸው ከዚያ ከተመለሱ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ቆሎ ይዘው ይተኙ ነበር። ቤቱ ጥጋብ ሆኖ፣ ጎተራው ሞልቶ እንኳ። ጠዋት ጠዋት ይቆጥሩታል። ልጆች ሆነው ይስቁባቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ያ ሳቅ እንደሚቆጫቸው ተናገሩ። ያኔ ስሙ በሽታ አልነበረም። ወዳጃ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ ሙሾ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ያለቅስና ይወጣለት ነበር። አሁን ሰው ለብቻው ክፍል ዘግቶ መታመም ጀመረ ብለው አዘኑ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣሁ። የኛ አያትም ዳቦ ትደብቅ ነበር።

መልስ 7 እና 8። በ7ኛው አንዱ መጀመሪያ ጸበል ውሰዳት አለኝ። በ8ኛው አንዲት እህት ሩቅያ ይቀራላት አለችኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። የወሎ ቤት ነውና እኛም ቤት ሁለቱም አለ፤ አባቴ ሙስሊም ነው፣ እናቴ ክርስቲያን ነበረች።

መልስ 9። አንድ ወጣት በሁለቱ ላይ ጮኸ። እግሩ ለተሰበረ ሰው ጸበል ብቻ ይበቃዋል ወይ፣ ለምን ለአእምሮ ሲሆን እንዲህ ትላላችሁ፣ ወንድሜ የሞተው እንዲህ እየተባለ ነው አለ። የመጨረሻዋን ካነበብኩ በኋላ በጩኸቱ አልፈረድኩበትም።

መልስ 10። ነርሷ ተመለሰች። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ በእርጋታ አስረዳች። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሕክምናውም ይጀመር፤ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከሐኪሙ ሳይመካከር እንዳያቋርጥ። ለ9ኛው ለብቻው አጽናናችው። እሱም በጥቂት ቃል አመሰገነ።

መልስ 11። ኮምቦልቻ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው። ይህን መልስ ሁላችሁም ልብ በሉልኝ። በስልኩ ግራና ቀኝ የምትመላለስ ነጭ ኳስ ያለበት ቪዲዮ አገኘ። ሌሊት ብቻውን ጋደም ብሎ፣ ያየውን ክፉ ነገር እያሰበ ኳሷን ተከተለ። ለጥቂት ደቂቃ ደህና ነበር። ከዚያ የረሳው የመሰለው ሌላ ነገር መጣበት፣ ከሱ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሦስት ሌሊት አልተኛም። በአራተኛው ቀን ሲነዳ እጁ ተንቀጠቀጠና መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ። ተሳፋሪዋ አሮጊት ወርደው ትከሻውን እየመቱ አብረውት ቆሙ። ስለዚህ ይህ ነገር ውሸት ነው፣ ጎጂ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 12። ነርሷ ለሱ መለሰችለት። የሆነበት ነገር ሕክምናው ኃይል እንዳለው እንጂ ውሸት መሆኑን እንደማያሳይ ጻፈች። ሕክምናው ስምንት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ታሪክህ በጥቅሉ ይጠየቃል። ሁለተኛው ዝግጅት ነው፤ ስትታወክ ራስህን የምታረጋጋበት ዘዴ፣ በሐሳብህ የምትሄድበት የሰላም ቦታ ትለማመዳለህ። ይህ ብቻውን ለአንዳንዱ ሰው ብዙ ቀጠሮ ይፈጃል። ሦስተኛው ላይ አንድ ምስል ይመረጣል፤ ምስሉ ስለ ራስህ የሚነግርህ ክፉ ቃል፣ ለምሳሌ ጥፋቱ የኔ ነው የሚለው፣ ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ ሰውነትህ የት ጋ እንደሚሰማህ ይለያል። ዓይኑ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ገና በአራተኛው ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ትተነፍሳለህ፣ ምን መጣ ትባላለህ፣ እንደገና። አምስተኛው ያንን ክፉ ቃል በመልካም መተካት ነው። ስድስተኛው ሰውነት ላይ የቀረ ነገር ካለ መፈተሽ፣ ሰባተኛው አረጋግቶ መዝጋት፣ ስምንተኛው በሚቀጥለው ቀጠሮ ከየት እንደተደረሰ ማየት። አንዱ ቀጠሮ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የባጃጁ ልጅ ከስምንቱ አራተኛውን ብቻ ነው የወሰደው፤ ያለ ዝግጅት፣ ያለ መዝጊያ፣ በሌሊት፣ ብቻውን። ቁስል ከፍቶ ሳይሰፉ መሄድ ነው አለችው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያንን ቪዲዮ ለእህቴ ልልክላት አስቀምጬው ነበር። አጥፍቼዋለሁ።

መልስ 13 እስከ 15። እዚህ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ያቺ የሰላም ቦታ የምትባለው ሰውን ሁሉ ነካች። አንዷ መምህርት የሷ ሐይቅ እንደሆነ ጻፈች፤ ጠዋት ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሳይነሳ፣ የእስጢፋኖስ ደወል ሲሰማ። ሌላው የጦሳን ግርጌ አመጣ፣ ከዝናብ በኋላ ባሕር ዛፉ ሲሸት። ሦስተኛው ቦታ ሳይሆን ድምፅ ነው የሚያረጋጋኝ አለና ስለ አምባሰል ቅኝት መጻፍ ጀመረ። አምባሰልም ባቲም የወሎ ቦታ ስም ሆነው ሳለ ቅኝት መሆናቸውን፣ አባቱ ማታ ማታ መሰንቆ ሲገዘግዙ የነበረውን ሁሉ ተረከ። ከርዕሱ ወጣን የሚል መጣ። እኔ ግን አልከፋኝም። እህቴን ማታ ራት ላይ፣ የት ስትሆኚ ነው ደስ የሚልሽ ብዬ ጠየቅኋት። አያታችን ቤት ኩታበር፣ የከብቱ ትንፋሽ በሚሰማበት ማዕዘን አለችኝ። በስንት ጊዜዋ ስለ ራሷ ነገረችኝ።

መልስ 16። ተማሪው ልጅ በ2019 ኮሪያ ውስጥ የተሠራ የአይጥ ጥናት አመጣ። አይጦቹ እንዲፈሩት የተደረገው ድምፅ ሲሰማ ግራና ቀኝ የሚመላለስ ብርሃን ሲያዩ ፍርሃታቸው ቀነሰ፣ ከቀናት በኋላም በቀላሉ አልተመለሰም። ተመራማሪዎቹ ዓይንና ትኩረትን ከሚመራው የአንጎል ክፍል ተነስቶ ፍርሃትን ወደሚቆጣጠረው ክፍል የሚሄደውን መስመር ተከትለው አሳይተዋል።

መልስ 17። 4ኛው መልስ ሰጪ ተመለሰ፣ ከበፊቱ ይልቅ ስለታም ሆኖ። አይጥ ቤቷ አልተቃጠለባትም አለ። የወሎን እናት ከላቦራቶሪ አይጥ ጋር አታወዳድሩ አለ። ልጁን በስድብ ነካው፤ ያንን አልጽፈውም።

መልስ 18 እና 19። ከዚህ በኋላ የመጣው አሳዘነኝ። ማን ጀመረው፣ ማን ዘረፈ፣ ማን የማን ወገን ነው ተባለ። አንዱ ብሔር ጠቅሶ ተሳደበ፣ ሌላው ባሰበት። አንዱ መልስ በአስተዳዳሪው ተነሳ። እኔም ገብቼ ጻፍኩ። የጠየቅሁት ስለ እህቴ እንቅልፍ ነው፣ ስለዚያ የምታውቁት ካለ ጻፉ፣ ከሌለ እባካችሁ ዝም በሉልኝ አልኩ።

መልስ 20። ከመቀሌ አንዲት እናት ጻፈች። አማርኛዋ ትንሽ ይሰበራል፣ ግን ሁሉም ገብቶናል። ልጇ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እህትህን እግዚአብሔር ይማርልህ፣ ለልጅም ይሆናል ወይ፣ የሚያውቅ ንገሩኝ አለች። ከዚህ በኋላ አንድም ሰው ስለ ወገን አላነሳም።

መልስ 21። የሐይቋ መምህርት መለሰችላት፣ እታለም ብላ። ለልጆች የሚሆን መንገድ አለ። በ1997 ሜክሲኮ አካፑልኮ ላይ ከባድ አውሎ ነፋስ ከደረሰ በኋላ ሉሲና አርቲጋስ የምትባል ባለሙያ፣ ለብዙ ልጆች አንድ ላይ የሚሆን ነገር አወጣች፤ የቢራቢሮ እቅፍ ይባላል። ልጁ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ትከሻና ትከሻውን በየተራ በቀስታ ይመታል፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ። እሷ ክፍሏ ውስጥ ለማረጋጊያ ያህል ታሠራቸዋለች፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን ይህ ልብ ማሳረፊያ እንጂ ሙሉ ሕክምናው እንዳልሆነ፣ ልጁን ባለሙያ እንዲያየው፣ ከአልጋ ሥር ደግሞ በኃይል ተጎትቶ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም እናቱ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብትል እንደሚሻል ነገረቻት።

መልስ 22። ሚሊሻ የነበረ ሰው ነው። በአጭሩ ጻፈ። ይህ ለሴቶችና ለልጆች ነው የምታወሩት፣ ለተዋጋ ሰውስ?

መልስ 23። ለሱ የመለሰው ተማሪው ልጅ ነው። በዚህ ላይ መመሪያዎቹ ራሳቸው እንደማይስማሙ ሳይሸፍን ነገረው። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 ለአዋቂዎች ሲመክረው፣ ጉዳቱ ከውጊያ ጋር ለተያያዘ ሰው ግን አላካተተውም። የአሜሪካ የአርበኞች ጉዳይና መከላከያ መሥሪያ ቤቶች በ2023 ባወጡት መመሪያ ደግሞ በመጀመሪያ ረድፍ ከሚመክሯቸው ሦስት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ እነሱ የሚያክሙት ደግሞ የተዋጋውን ነው። ስለዚህ በሩ አልተዘጋብህም ወንድሜ፣ ዋናው ብቻህን አለመሆንህ ነው አለው። ሚሊሻው ልብ አድርጎበት ሄደ፣ ምንም አልጻፈም። እኔ በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። አንዳንዴ እናወራለን።

መልስ 24። አንዱ የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ፤ አዲስ አበባ መሄድ ለማይችለውስ? ወሎ ገጠር ውስጥ ለዚህ የሠለጠነ ሰው ከየት ይመጣል? ራሱም ለመመለስ ሞከረ። ኡጋንዳ ናኪቫሌ በሚባለው ሰፈር የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች በሌላ ሕክምና ሲረዱ፣ የሚያክሟቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ ከዚያው ከስደተኛው መሃል ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ በ2008 ታተመ፣ 277 ሰዎች ነበሩበት፣ የተሻላቸውም ብዙ ናቸው። ያ ሕክምና ግን ተቃራኒው ነው። ሰውየው ዕድሜውን ከልጅነቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ያወራል፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ ሰሚው ይጽፍለታል፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

መልስ 25። የቆቦዋ ሴት መጣች። ይህኛው መልሷ አጭር ነው። ስድስት ጊዜ ያወራችው አንድም ጊዜ ከልጅነቷ እንዳልተጀመረ፣ አንድም ጊዜ ስለ ሠርጓ እንዳልተጠየቀች፣ ወረቀቱም ለእሷ እንዳልተሰጣት ጻፈች። እንዲህ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግሞ ታወራለች። ሁለቱም መንገድ ቢኖር፣ ሰው እንደሆዱ ቢመርጥ ጥሩ ነው አለች።

እኔ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። እህቴ ማውራት የማትፈልግ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ማውራት የማትፈልገው እኔን ይሆናል። ወንድሟ ነኝ፤ ፊቴ ሲለወጥ ማየት አትፈልግም።

መልስ 26። የመጨረሻው የ4ኛው ሰው ነው። ልጁን ይቅርታ ጠየቀው። በጣቱ ላይ ያለው ጥርጣሬ አሁንም አልተነሳም፤ ቱርክ ኪሊስ ካምፕ ውስጥ በ70 የሶሪያ ስደተኞች ላይ የተደረገውን ጥናት አነሳና፣ ውጤቱ መልካም ሆኖ ሳለ የተወዳደረው ሕክምና ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር እንጂ ከሌላ ሕክምና ጋር እንዳልሆነ አሳሰበ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ግን፣ የገዛ እህቱ ብትሆን ይወስዳት እንደነበር ጻፈ። ዓይን ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ፣ የሠለጠነ ሰው ደረጃውን ጠብቆ እስከሠራ ድረስ ከዝምታው ይሻላል አለ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ አለኝ፤ ሥልጠናውን የት ወሰድክ፣ ለዝግጅት ስንት ቀጠሮ ትሰጣለህ፣ መሃል ላይ ልቁም ብትል ታቆማለህ ወይ።

ሦስቱንም ደውዬ አስጠይቄያለሁ። መልሱ አጥጋቢ ነው።

ክሩን ለእህቴ ሰጠኋት። ስልኬን ይዛ ጓዳ ገባች፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ባለሙያው ሴት ናት ወይ? ይህን ከ26ቱም ከእኔም አንድ ሰው አላሰበውም። እንደገና ደወልኩ። ሴት ናት።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ እንነሳለን። ከኋላዋ ሰው እንዳይቀመጥ የመጨረሻውን ወንበር ይዤላታለሁ።